የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

በአገራችን ሆስፒታሎች የልብ ክትትል ክፍል ደጃፍ ተራ የሚጠብቁትን ሕሙማን ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው ዕድሜያቸውን ነው። በበለጸጉት አገሮች የልብ ቫልቭ ሕመም በአመዛኙ የአረጋውያን ሕመም ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን የተማሪዎች፣ የወጣት እናቶችና ጉልበታቸው ያልደከመ አራሾች ሕመም ነው። ዋናው መንሥኤ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በልጅነት በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚያመነጨው ኃይል በራሱ ልብ ላይ ይዞራል። ይህም በተደጋገመ ቁጥር ቫልቮቹ ይወፍራሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ይኮማተራሉ።

ለእነዚህ ሕሙማን ሕይወትን የሚያስቀጥለው ሕክምና ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። አንዳንዶች በአገር ውስጥ፣ አንዳንዶችም ወደ ህንድ፣ ወደ እስራኤልና ወደ ሌሎች አገሮች ተልከው ይታከማሉ። ቀዶ ሕክምናው የትም ይደረግ የት፣ ታካሚው በመጨረሻ የሚመለሰው ወደ መንደሩና በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን በጥቂት ሰዓታት ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት የሚከታተሉት ግን ነርሱ፣ ጤና መኮንኑና ጠቅላላ ሐኪሙ ናቸው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ከአንድ የገጠር ወረዳ የመጣች የ22 ዓመት ወጣት እናስብ። የሚትራል ቫልቭዋ ወጥቶ በምትኩ ሜካኒካል ቫልቭ ይደረግላታል፤ ትንፋሿ ይመለሳል፤ ቤተሰቧም ፈጣሪውን አመስግኖ ይዟት ወደ አገሯ ይገባል። ከስምንት ወር በኋላ ቀኝ እጅና እግሯ ዝሎ፣ አንደበቷ ተይዞ ትመለሳለች። ቀዶ ሕክምናው አልተበላሸም። ዋርፋሪን አልቆባት በከተማው ፋርማሲ አጣችው፤ ደኅና ስለ ሆነችም ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን አልፈለገችውም። እንዲህ ያለውን ታሪክ ብዙዎቻችን በየሥራ ቦታችን እናውቀዋለን። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረውም የዚህች ወጣት ዕጣ እንዳይደገም በየደረጃው ያለ የጤና ባለሙያ ምን ማድረግ እንደሚችል በማሳየት ላይ ነው።

መቼ ይላካል?

የቫልቭ ሕመም ያለበት ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። የሚትራል ቫልቭ ስፋት 1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ታካሚው ሥራ ሲሠራ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ መፍትሔ ሊፈለግለት ይገባል። ቫልቩ ብዙ ያልደደረና እምብዛም የማያፈስ ከሆነ ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በሚገባ ፊኛ ሊሰፋ ይችላል። ቫልቩ በብርቱ የሚያፈስ ከሆነ ግን የትንፋሽ ማጠር እስኪመጣ ብቻ መጠበቅ አይገባም። የልብ የመርጨት አቅም መቀነሱና የግራ ልብ መስፋቱ በኢኮካርዲዮግራፊ ከታየ ጊዜው ደርሷል።

በአገራችን የሚበዛው ስሕተት ቸኩሎ መላክ ሳይሆን አዘግይቶ መላክ ነው። ልብ ከደከመ በኋላ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ቫልቩን ይተካል እንጂ የልብን ጡንቻ አያድስም። በፉሮሴማይድ እብጠቱ የጎደለለት ታካሚ ተሽሎታል ተብሎ ለዓመታት በዚያው መቆየት የለበትም።

ቫልቭ ከመመረጡ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የታካሚው የራሱ ቫልቭ ሊጠገን ከቻለ ጥገና ይመረጣል። ካልተቻለ ከሁለቱ ዓይነት ሰው ሠራሽ ቫልቮች አንዱ ይተካል። ሜካኒካል ቫልቭ እንደ ዋዛ አያረጅም፤ ነገር ግን ደም ስለሚያረጋ ታካሚው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን መውሰድ አለበት። ከእንስሳ ኅብረ ሕዋስ የሚዘጋጀው ባዮሎጂካል ቫልቭ ዘላቂ ዋርፋሪን የግድ አያስፈልገውም፤ ሆኖም በአረጋውያን ከ10 እስከ 15 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ሲችል በወጣቶች ቶሎ ያረጃል፤ በዚያን ጊዜም ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ስለዚህ የቫልቭ መተካት አንዱን ሕመም በሚቀል ሌላ ሕመም መለወጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወጣት ስለ ሆነች ሜካኒካል ቫልቭ ይሻላታል ማለት በመጽሐፍ ትክክል ነው። ነገር ግን አይ.ኤን.አር. የሚለካበት ላቦራቶሪ ከቤቷ የአንድ ቀን መንገድ ከሆነስ? ዋርፋሪን በወረዳዋ የማይገኝ ከሆነስ? መውለድ የምትፈልግ ከሆነስ? የነዚህን ጥያቄዎች መልስ ከቀዶ ሐኪሙ ይልቅ የሚያውቀው የላካት ባለሙያ ነው። በመሆኑም በሪፈር ወረቀቱ ላይ ከምርመራው ውጤት በተጨማሪ የሚከተሉት ቢጻፉ ታላቅ ጥቅም ይሰጣሉ፦

1. አይ.ኤን.አር. የሚለካበት ቅርብ ተቋምና የጉዞው ርዝመት፤
2. መድኃኒቱን የሚገዛላት ወይም የሚያመጣላት ሰው፤
3. ማንበብና መጻፍ መቻሏ፣ ካልቻለችም ቤት ውስጥ የሚረዳት ሰው፤
4. የወሊድ ዕቅዷ፤
5. እስካሁን ቀጠሮዋንና የፔኒሲሊን መርፌዋን በማክበር ያሳየችው ጥንካሬ።

ከባዮሎጂካል ቫልቮች አንዳንዶቹ ከከብት፣ አንዳንዶቹ ከአሳማ የሚዘጋጁ ናቸው። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ አሳማ የማይነካባት አገር ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ታካሚው አስቀድሞ ሊነገረው፣ ቢፈልግም ከሃይማኖት አባቱ ጋር እንዲመክር ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሌላ ሰው መስማቱ በሕክምናው ላይ ያለውን እምነት ያናጋል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት

ታካሚው ወረፋ የሚጠብቅባቸው ወራት ባክነው ማለፍ የለባቸውም። በእነዚህ ወራት በጤና ጣቢያና በአጠቃላይ ሆስፒታል ደረጃ ሊከናወኑ የሚችሉት ዋና ዋናዎቹ ቀጥለው ተዘርዝረዋል።

ጥርስ፦ የተቦረቦረ ጥርስና የቆሰለ ድድ በአዲሱ ቫልቭ ላይ ለሚደርስ ኢንፌክሽን ምንጭ ናቸው። የሚነቀለው ጥርስ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ቢነቀል ቁስሉ ለመዳን ጊዜ ያገኛል።

የተደበቀ ሕመም፦ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ የደም ማነስ፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ሁኔታ ይመርመሩ። የሩማቲክ ትኩሳት እንደ አዲስ መነሣቱን የሚያሳይ ምልክት ካለ፣ ሁኔታው ካላስገደደ በስተቀር ቀዶ ሕክምናው እስኪበርድ ይዘገያል።

ፔኒሲሊን፦ መከላከያው ወረፋ በመጠበቅ ምክንያት አይቋረጥ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር መሠረት፣ ብርቱ የቫልቭ ጥበት ወይም ማፍሰስ ያለባቸው፣ ልባቸው የደከመ ወይም በዕረፍት ላይ ሳሉ እንኳ የሕመም ምልክት የሚታይባቸው ሕሙማን ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በተወጉ ጊዜ በድንገት ሊወድቁ ይችላሉ። ይህም በአለርጂ ሳይሆን ደካማው ልብ የመርፌውን ሕመምና የደም ግፊት መውረድ መቋቋም ባለመቻሉ ሊደርስ እንደሚችል ይታመናል። ለእነዚህ ታካሚዎች በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን ይመረጣል። መርፌ የሚሰጣቸው ሌሎችም ተጋድመው፣ ውኃ ጠጥተውና ሳይራቡ ቢወጉ ይመረጣል።

መድኃኒት፦ ዋርፋሪን ቀድሞ የጀመረ ታካሚ በተለምዶ ከአምስት ቀን በፊት ያቆማል፤ በሄፓሪን መተካት ማስፈለግ አለማስፈለጉን ግን የቀዶ ሕክምና ቡድኑ ይወስን።

የአእምሮ ዝግጅት፦ ታካሚውና ቤተሰቡ የሚጠብቃቸውን ነገር ሳይሸፋፈን ይንገሯቸው። የደረት አጥንት ይከፈታል፤ ልብ ለጊዜው ቆሞ ደሙ በመሣሪያ ይዘዋወራል፤ ታካሚው ሲነቃ ጉሮሮው ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ስላለ መናገር አይችልም፤ ከደረቱም ደም የሚያወጡ ቱቦዎች ይኖራሉ። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ታካሚ አይደነግጥም። በረጅሙ መተንፈስንና ትራስ ደረት ላይ አቅፎ ማሳልን ከወዲሁ ቢለማመድ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሳንባው በቶሎ ይከፈትለታል።

ቤት ከተመለሰ በኋላ ያሉት ሳምንታት

ችግር ካልገጠመ ታካሚው አንድ ወይም ሁለት ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ከዚያም በጠቅላላው አንድ ሳምንት ገደማ ሆስፒታል ይቆያል። የደረት አጥንት ለመግጠም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ከአምስት ኪሎ ግራም በላይ ማንሣት ክልክል ነው። ይህን ምክር በኪሎ ከመንገር ይልቅ በኑሯቸው መንገር ይጠቅማል፦ ውኃ በጀሪካን መቅዳት፣ እንጨት መሸከም፣ ልጅ ማዘልና መፍጨት አይፈቀድም። እርሻና ሌላ ከባድ ሥራ ቢያንስ ሦስት ወር ይጠብቅ። በየቀኑ ርቀቱን እየጨመሩ መራመድ ግን የሕክምናው ክፍል ነው፤ ታካሚውን አልጋ ላይ ማዋል እንክብካቤ አይደለም።

ሜካኒካል ቫልቭ የተደረገለት ሰው በጸጥታ ሰዓት ልቡ እንደ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማዋል። ድምፁ ጤነኛ መሆኑን አስቀድመን ካልነገርነው ይሰጋል። ከዚህ ይልቅ ሊያሰጋው የሚገባው ድምፁ ሲታፈን ወይም ሲጠፋ ነው።

በእነዚህ ሳምንታት ሦስት ነገሮችን እንጠርጥር። የመጀመሪያው አትሪያል ፊብሪሌሽን ሲሆን፣ ከቫልቭ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከሦስት ታካሚዎች አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ያጋጥማል። ሁለተኛው በልብ ሽፋን ውስጥ ደም ወይም ፈሳሽ መጠራቀም ነው። ዋርፋሪን በጀመሩ ሕሙማን ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀስ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንገት ደም ሥር መወጠርና የደም ግፊት መውረድ አንድ ላይ ከታዩ ታካሚው በዚያው ቀን መላክ አለበት። ሦስተኛው የቁስል ኢንፌክሽን ነው። የደረት አጥንቱ ሲያስል የሚንቀሳቀስ ወይም ቁስሉ የሚመግል ከሆነ ቁስል እያጠቡ ማቆየት አይበቃም።

ዋርፋሪን፦ የሕይወት ገመድ

የአይ.ኤን.አር. ግብ እንደ ቫልቩ ቦታና ዓይነት ይለያያል። በሚትራል ቦታ ላለ ሜካኒካል ቫልቭ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። በአዎርቲክ ቦታ ላለና ሌላ አባባሽ ምክንያት ለሌለው ዘመናዊ ሜካኒካል ቫልቭ ከ2.0 እስከ 3.0 ነው። ባዮሎጂካል ቫልቭ ለተደረገላቸውም ለመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ዋርፋሪን ሊታዘዝ ይችላል። ልኬቱ መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ፣ ሲረጋጋ በየወሩ ይሁን። ውጤቱ ከግቡ ጥቂት ሲወጣ የሳምንቱን ጠቅላላ መጠን ከ5 እስከ 20 በመቶ ማስተካከል ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ እጥፍ ማድረግ ወይም ጨርሶ ማቆም አደገኛ ነው።

አይ.ኤን.አር. ከ4.5 እስከ 10 ሆኖ ደም የማይፈሰው ታካሚ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይዝለልና ልኬቱ ይደገም። ቫይታሚን ኬ በብዛት መስጠት በሜካኒካል ቫልቭ ላይ ደም እንዲረጋ መንገድ ይከፍታል። ብርቱ መድማት ካለ ግን ሳይዘገይ ይላክ።

የዋርፋሪንን ኃይል የሚለውጡ መድኃኒቶች በየቀኑ የምናዛቸው ናቸው። ኮትሪሞክሳዞል፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ፍሉኮናዞልና ሲፕሮፍሎክሳሲን ኃይሉን ይጨምራሉ። ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን ይቀንሱታል። ሪፋምፒሲን ደግሞ እጅግ ስለሚቀንሰው የነቀርሳ ሕክምና ሲጀመር የዋርፋሪን መጠን በብዙ መጨመር ሊኖርበት ይችላል፤ ሪፋምፒሲን ሲቆም በዚያው ከፍተኛ መጠን ከቀጠለም ታካሚው ይደማል። ሁለቱም ጊዜያት የቅርብ ልኬት ይሻሉ። ለወገብና ለራስ ምታት እንደ ልማድ የሚሰጠው የዲክሎፌናክ መርፌ ለእነዚህ ሕሙማን አይገባም፤ በልኩ የተወሰደ ፓራሲታሞል ይሻላል። ዋግምትና እንጥል ማስቆረጥም ብርቱ መድማት እንደሚያስከትሉ ቤተሰቡ ሊነገረው ይገባል።

ስለ ምግብ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ጎመን አትብላ የሚል ነው። ትክክለኛው ምክር መጠኑን አትለዋውጥ የሚለው ነው። በ55 ቀን የዐቢይ ጾም ጎመን በብዛት የሚበላ ታካሚ አይ.ኤን.አር. ሊወርድ፣ ከፋሲካ በኋላ ጎመኑ ሲቀር ደግሞ ሊወጣ ይችላል። በጾሙ መጀመሪያና ከፋሲካ በኋላ አንድ አንድ ልኬት ማድረግ መልካም ነው። ዋርፋሪን በቀን አንድ ጊዜ፣ በማታ የሚወሰድ ስለ ሆነ የክርስቲያኑንም ሆነ የሙስሊሙን ጾም አያፈርስም። ጸበል የሚሄድ ታካሚም መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ ማግባባት እንጂ መቆጣት አይጠቅምም፤ ቁጣችን የሚያስቀረው ጸበሉን ሳይሆን ወደ እኛ መመለሱን ነው።

ልኬት ስለማይጠይቁ አዲሶቹን የደም ማቅጠኛ ክኒኖች እንስጥ የሚል ሐሳብ ይነሣል። ለሜካኒካል ቫልቭ አይሆንም። ዳቢጋትራን ከዋርፋሪን ጋር የተነጻጸረበት ጥናት ደም መርጋትም መድማትም ስለ በዛበት ተቋርጦ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በአፒክሳባን ላይ የተደረገውም እንዲሁ ከጊዜው በፊት እ.ኤ.አ. በ2022 ቆሟል። በፋርማሲ ዋርፋሪን ጠፋ ተብሎ በእነዚህ መተካት ታካሚውን ለስትሮክ አሳልፎ መስጠት ነው።

ትኩሳት፣ ጥርስና ፔኒሲሊን

ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለበት ታካሚ ትኩሳት ሲይዘው፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የቫልቭ ኢንፌክሽን እንደ ያዘው ይቆጠር። የወባ ምርመራ ይደረግ፤ ነገር ግን አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ወደ ቤት መላክ ምርመራውን ያጨልማል። ከመድኃኒቱ በፊት ከተለያየ ቦታ ሦስት ጊዜ ደም ለካልቸር ይወሰድ። ይህ በማይቻልበት ተቋም ያለው አማራጭ ወዲያው መላክ ነው። ታካሚው እጅግ የደከመና ግፊቱ የወረደ ከሆነ ግን ሕክምናው ለካልቸር ተብሎ አይዘግይ።

ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲቀረው አዋቂ ታካሚ አሞክሲሲሊን 2 ግራም በአፍ ይውሰድ። ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለበት ወይም የፔኒሲሊን ክኒን ዘወትር ለሚወስድ አዚትሮማይሲን 500 ሚ.ግ. ይሰጠዋል። ዋርፋሪን ለጥርስ ተብሎ በዘፈቀደ አይቆም።

ቫልቩ ስለ ተለወጠ ፔኒሲሊን አያስፈልግም የሚል አስተሳሰብ በባለሙያዎችም ዘንድ ይገኛል። ይህ ስሕተት ነው። አንዱ ቫልቭ ቢተካም ሌሎቹ የራሷ ናቸው፤ የሩማቲክ ትኩሳት ተመልሶ ሊጎዳቸው ይችላል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይቀጥል። አይ.ኤን.አር. በግቡ ውስጥ ከሆነ ዋርፋሪን ለመርፌው እንቅፋት አይደለም፤ ቦታውን ለጥቂት ደቂቃ አጥብቆ መጫን ይበቃል።

እርግዝና

ዋርፋሪን ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው የእርግዝና ጊዜ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ አደጋውም በቀን ከ5 ሚ.ግ. በላይ ሲወሰድ ከፍ ይላል። መድኃኒቱን አቋርጦ መቀመጥ ደግሞ እናቲቱን ይገድላል። ስለዚህ ውይይቱ መጀመር ያለበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። ለመውለድ ያላሰበች ሴት ኢስትሮጅን የሌለው የወሊድ መከላከያ፣ ለምሳሌ በክንድ የሚቀበረው፣ ይመከርላታል። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት በዚያው ሳምንት ትመርመር፤ እርጉዝ ከሆነችም ዋርፋሪኑን በራሷ ሳታቆም በአስቸኳይ ወደ ስፔሻሊስት ትላክ። ዋርፋሪን እየወሰደች ምጥ የመጣባት እናት በፅንሱ አንጎል ላይ መድማት ሊያስከትል ስለሚችል በምጥ እንድትወልድ አይመከርም። ከወለደች በኋላ ግን ዋርፋሪን ጡት ማጥባትን አይከለክልም።

ማጠቃለያ

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ያች ወጣት ከሆስፒታል ስትወጣ የቫልቯ ዓይነትና ቦታ፣ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቀን፣ የአይ.ኤን.አር. ግቧና የምትወስደው መጠን በአማርኛ ወይም በምታነበው ቋንቋ የተጻፈበት ካርድ ቢኖራት፣ ጤና ጣቢያውም ስሟን በመዝገብ ይዞ ቀጠሮ ባሳለፈች ጊዜ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል ቢያስጠራት፣ ዋርፋሪኗ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የምትጠይቀው ሰው ብታውቅ ኖሮ፣ ምናልባት ዛሬ በእግሯ ትሄድ ነበር። ከእነዚህ አንዱም ቀዶ ሐኪም ወይም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የቫልቭ ድምፅ መታፈን፣ ትኩሳት፣ የአንድ ጎን መስነፍና መድማት፦ እነዚህን አምስት ምልክቶች የምታውቅ ታካሚና ምልክቶቹን ሰምቶ ሳይዘገይ የሚልካት ባለሙያ ከተገናኙ፣ በብዙ ድካምና ወጪ የተተከለው ቫልቭ የታሰበለትን ዕድሜ ይሰጣል።